ግቢ ለቆ አንድ ሴሚስተር፦ ለኢንተርንሺፕ ከመውጣታችሁ በፊት

የአራተኛ ዓመት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ግቢ ለቆ የሚወጣበት ሴሚስተር ሲቃረብ ዶርም ውስጥ የሚሰማው ጥያቄ አንድ ነው፤ «የት አገኘህ?» ድርጅት ከተገኘ፣ የተቀባይነት ደብዳቤው ላይ ማኅተም ካረፈ፣ ነገሩ ሁሉ ያለቀ ይመስላል። እኔ አድቫይዘር ሆኜ ተማሪዎችን በየሳይቱ መጎብኘት ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ስሙ የገነነ ድርጅት ደርሶት ሴሚስተሩን ሙሉ ኮንቴነር ቢሮ ውስጥ ስልኩን ሲነካካ የከረመ ልጅ አይቻለሁ። ማንም የማያውቀው ትንሽ ኮንትራክተር ጋ ገብታ ስትመለስ የክፍያ ሰርተፊኬት (ለተሠራ ሥራ ክፍያ የሚጠየቅበትን ሰነድ) ብቻዋን የምታዘጋጅ ልጅም አይቻለሁ። ሁለቱም ጎበዝ ተማሪዎች ነበሩ። እሷ ስትሄድ ደብተሯ ላይ የተጻፉ ጥያቄዎች ነበሯት። እሱ የያዘው ደብዳቤውን ብቻ ነበር።

ግቢ ለቆ መማር በአገራችን ትናንት የመጣ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን አድርጎ ጤና ጣቢያ እያወረደ ያሠለጥን ነበር። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲም እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ክፍለ ሀገር ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹ አስተማሪ ሆነው ነው የሄዱት። ያኔም አሁንም የወጪው ተማሪ ፈተና ይመሳሰላል። ግቢ ውስጥ ምግቡን፣ አልጋውንና የትምህርት ሰዓቱን ሌላ ሰው አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ውጭ ሁሉም በእናንተ እጅ ነው። ስለዚህ ከመውጣታችሁ በፊት ያለውን ጊዜ በቅደም ተከተል እንየው። ሙያዬ ሲቪል ስለሆነ ምሳሌዎቼ ወደዚያ ያደላሉ። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪዎች በራሳችሁ ሥራ ተኩት።

ሁለት ወር ሲቀር፦ ድርጅት መምረጥ

ድርጅት የሚገኘው በዘመድ፣ በዩኒቨርሲቲያችሁ የኢንዱስትሪ ትስስር ቢሮ በኩል፣ ወይም የትብብር ደብዳቤ ይዞ በር በማንኳኳት ነው። ሦስቱም ያስኬዳሉ። በዘመድ መግባትም ነውር የለውም። በየትኛውም ብትገቡ ግን እሺ ከማለታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ።

አንደኛው፣ ሥራው አሁን የት ደርሷል? ሕንፃው ፊኒሺንግ ላይ ከሆነ የምታዩት ቀለም፣ ሴራሚክና ጂፕሰም ነው። ፌሮ ሲታሰር፣ አርማታ ሲሞላ ማየት የሚፈልግ ተማሪ ገና መሠረት ላይ ያለ ወይም ፎቅ እየጨመረ ያለ ሥራ ይፈልግ። መንገድ ሥራ የምትሄዱ ደግሞ ዝናቡን አስሉ፤ ክረምት ሲበረታ የአፈር ሥራ ይቆማል። ለመካኒካል ተማሪ ነገሩ ሊገለበጥ ይችላል። እንደ ወንጂና መተሐራ ያሉ ስኳር ፋብሪካዎች በክረምት አገዳ መፍጨት አቁመው ጥገና ይገባሉ። «ፋብሪካው ቆሟል» ብሎ የሚያዝን ተማሪ አለ። እኔ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር። ማሽኑ ተፈትቶ ሆድ ዕቃው የሚታየው ያኔ ነው።

ሁለተኛው፣ ከማን ጋር ነው የምውለው? «ከኢንጂነሮቹ ጋር» የሚለው መልስ አይበቃም። የአንድ ሰው ስም ይስጧችሁ። ትልልቅ ድርጅቶች ከብዙ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ጊዜ ተለማማጅ ይቀበላሉ። ኃላፊነቱን የወሰደ ሰው ከሌለ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ስትንከራተቱ ወሩ ያልቃል።

ሦስተኛው፣ ድሮዊንጉንና የሥራ ሰነዶቹን ማየት ይፈቀድልኛል? የማይፈቅድ ድርጅት አለ፤ የራሱ ምክንያት ይኖረዋል። ድሮዊንግ ሳያይ ሳይት ላይ የሚውል ተማሪ ግን ሰው ሲሠራ ያያል እንጂ ለምን እንደሚሠራ አይገባውም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ደብዳቤ አስፈርሞ፣ የግምገማ ፎርም አስሞልቶ፣ ቤት ተቀምጦ የሚመለስ ተማሪ አለ። ገንዘብ ጨንቆት የሚያደርገው እንዳለ አውቃለሁ፤ አልፈርድበትም። ግን ጉዳቱ ከባድ ነው። ተመርቃችሁ ሥራ ስትይዙ ማንም ቆሞ አያስተምራችሁም፤ ደመወዝ የሚከፈላችሁ ልትሠሩ ነው። «አላውቅም፣ አሳየኝ» ማለት የማያሳፍርበት ጊዜ በአምስት ዓመት ውስጥ ይኸው አንድ ሴሚስተር ነው። ችግሩ ገንዘብ ከሆነ ቤተሰብ ያለበት ከተማ ሂዱና እዚያ ያለውን ትንሽ ሥራ ያዙ። የወረዳ መንገድ ጽሕፈት ቤትም፣ የሰፈር ብረታ ብረት ወርክሾፕም ቢሆን ከወረቀት ኢንተርንሺፕ በብዙ ይሻላል።

አንድ ወር ሲቀር፦ ወረቀቱ

ይህ ክፍል አሰልቺ ነው። ተማሪ የሚያለቅሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ጨርሱት።

• ለሴሚስተሩ ተመዝገቡ። ግቢ ባትኖሩም ተማሪ ናችሁ። ሳይመዘገብ የሄደ ልጅ ሲመለስ ውጤቱ የሚገባበት ቦታ ያጣል። ያልተሞላ ውጤት ወይም ያልተስተካከለ ግሬድ ካለ መምህሩን አሁኑኑ አግኙት። ከሳይት ሆኖ በስልክ መጨረስ በጣም ያስቸግራል።

• የትብብር ደብዳቤውን ኦሪጅናል፣ ሁለት ኮፒና በስልካችሁ የተነሳ ፎቶ ያዙ። ጥበቃው አንዱን ሊያስቀር ይችላል፤ የሰው ሀብት ክፍሉ ሌላውን ይወስዳል።

• የተማሪ መታወቂያችሁ ጊዜው እንዳያልፍ እዩ። ፋይዳ ካላወጣችሁ አውጡ፤ ቤት ስትከራዩም ባንክ ስትሄዱም ያስፈልጋችኋል።

• ሳይት ላይ ጉዳት ቢደርስ ማን እንደሚያሳክማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። ዩኒቨርሲቲው ነው? ድርጅቱ ነው? «ችግር የለም፣ እናያለን» መልስ አይደለም።

• የካፌ ተጠቃሚ ከሆናችሁ ውጭ ለምትቆዩበት ጊዜ የምግብ ገንዘብ ይሰጥ እንደሆነ፣ መቼና በየትኛው አካውንት እንደሚገባ አጣሩ። ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የመጀመሪያውን ወር ያለ እሱ እንደምትኖሩ አድርጋችሁ አስሉ።

• የአድቫይዘራችሁን ስልክ ያዙ፤ ለጉብኝት መቼ እንደሚመጣም ጠይቁት።

ሦስት ሳምንት ሲቀር፦ ጥያቄ መሰብሰብ

ከሁሉም በላይ ጊዜ እንድትሰጡት የምፈልገው ይህንን ነው።

የኢንተርንሺፕ ሪፖርት በአብዛኞቹ የአገራችን የኢንጂነሪንግ ተቋማት አምስት ምዕራፍ አለው። የድርጅቱ ታሪክ፣ አጠቃላይ የሥራ ልምዳችሁ፣ ፕሮጀክት፣ ያገኛችሁት ጥቅም፣ ከዚያ ማጠቃለያና አስተያየት። አራቱን ማንም ይጽፋቸዋል። ላብ የሚያስወጣው ሦስተኛው ነው፤ እዚያ ያያችሁትን አንድ ችግር አውጥታችሁ መፍትሔ የምታቀርቡበት። ለብዙ ተማሪ ይህ ምዕራፍ ትዝ የሚለው በመጨረሻው ሳምንት ነው። ያኔ ከቀደመው ባች ሪፖርት ይገለብጣል። ገምጋሚው ደግሞ ያንኑ ሪፖርት አምና አንብቦታል።

እንዲህ አድርጉ። አንድ ምሽት ተቀምጣችሁ የሦስት ዓመት ደብተራችሁን ግለጡ። በወረቀት የምታውቁትን፣ በዓይናችሁ ግን አይታችሁት የማታውቁትን አምስት ነገር ጻፉ። ከእያንዳንዱ ሥር «ሳይት ላይ ማን፣ በምን፣ መቼ ይሠራዋል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለምሳሌ ኮንክሪት። ክፍል ውስጥ ሲ-25 ሲባል ኩቡ (ለሙከራ የሚወሰደው የኮንክሪት ናሙና) በ28 ቀኑ በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን እንዲሸከም ይጠበቃል ብላችሁ ተምራችኋል። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር በሳጥን እየተለካ 1 ለ 2 ለ 3 እንደሚቀየጥም ሰምታችኋል። አሁን ጥያቄው ይጀምራል። ሳጥኑን ማን ለካው? ዛሬ ከዝናብ የመጣ አሸዋ ከትናንቱ ደረቅ አሸዋ ጋር እኩል ይቆጠራል? ውሃው የሚለካው በባልዲ ነው ወይስ በዓይን? የ7 ቀኑና የ28 ቀኑ ኩብ የት ሄዶ ነው የሚሰበረው? አዲስ የተሞላው ኮለን (ምሰሶ) ያለጊዜው እንዳይደርቅ እሁድ እሁድ ውሃ የሚያጠጣው ማነው?

አንድ ተማሪዬ ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ብቻ ይዞ ወጣ። ሁለት ወር ሙሉ በየሰኞው ጠዋት ቀድሞ እየደረሰ የትኛው ኮለን እንደደረቀ መዘገበ። ሳይቱ ላይ ውሃ የሚመጣው በቦቴ ነበር፤ እሁድ ቦቴው አይመጣም። ልጁ ያቀረበው መፍትሔ ቀላል ነው። ቅዳሜ ማታ ኮለኑን እርጥብ ጆንያ ማልበስ፣ አንድ በርሜል ውሃ ማስቀረት፣ ዘበኛው ሁለት ጊዜ እንዲያርሰው ማድረግ። ፕሮጀክት ማናጀሩ እሺ ብሎ ተገበረው። የሪፖርቱ ሦስተኛ ምዕራፍ ከዚህ ወጣ። ፕሬዘንቴሽን ላይ ሲጠየቅ አንድም ጊዜ ወረቀት አላየም።

ኤሌክትሪካል ተማሪ «የፋብሪካው ፓወር ፋክተር ስንት ነው? በወርኃዊ ሒሳቡ ላይ ምን ያስከትላል?» ብሎ መጀመር ይችላል። መካኒካል ተማሪ «በወር ውስጥ ደጋግሞ የሚቆመው ማሽን የቱ ነው? መለዋወጫው እስኪመጣስ ምን ይደረጋል?» ይበል። ኬሚካል ተማሪ አንድ ኪሎ ምርት ስንት ሊትር ውሃ እንደሚፈጅ ይከታተል። ሶፍትዌር የምትማሩ፣ ሠራተኛው ሲስተም እያለለት አሁንም በወረቀት የሚሠራው ምን እንደሆነና ለምን እንደሆነ እዩ። ጥሩ ፕሮጀክት የሚገኘው እዚያ ነው።

ከእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ የትኛው ኮርስ እንደሆነ ጻፉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ሁሉ የመውጫ ፈተና ይወስዳል። በዓይን ያዩት ነገር ደግሞ ቶሎ አይረሳም።

የሳይቱን ቋንቋ ተማሩ

እናንተ የተማራችሁት በእንግሊዝኛ ነው። ሳይቱ የሚያወራው አማርኛ ከጣልያን ዘመን የቀሩ ቃላት የሞሉበት ነው። ፎርምወርክ የምትሉት እዚያ ካሳፎርማ ነው። ስላቡ ሶሌታ ነው። ስተራፑ፣ ማለትም ዋናውን ፌሮ ዙሪያውን የሚያቅፈው ብረት፣ ስታፋ ነው። ብረት የሚያስረው ባለሙያ ፌራዮ ይባላል፤ የቡድኑ አለቃ ካቦ። ወርክሾፕ የምትሄዱም ሌዝ ማሽኑን ቶርኖ፣ ቆርቆሮውን ላሜራ፣ ክለቹን ፍሪሲዮን፣ ስክሪውድራይቨሩን ካቻቢቴ ሲሉት ትሰማላችሁ።

ይህ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። በመጀመሪያው ቀን ካቦው «የኮለኑ ስታፋ አንሷል» ሲል ያልገባው ተማሪ ይሸማቀቃል። አፍሮ ዝም ይላል። ዝም ሲል «ይሄ ምንም አያውቅም» ይባልና ይተዋል። ያን ቀን የተተወ ልጅ ብዙ ጊዜ እስከ መጨረሻው እንደተተወ ይቀራል። ከመሄዳችሁ በፊት ከአምናው ባች አንዱን ጋብዙና ሻይ እየጠጣችሁ ቃላቱን አስጽፉት። አንድ ሰዓት ይበቃል።

ሳይት ላይ ደግሞ ሰው በወጉ ይጠራል። በዕድሜ የሚበልጧችሁን ግንበኛና አናጢ «አንተ» አትበሏቸው። «ጋሼ» ወይም «አባባ» በሏቸው፤ «እርስዎ» አይክበዳችሁ። ምግብ ለምታበስለው እናት «እትዬ» በሏት። እነዚህ ሰዎች ሃያና ሠላሳ ዓመት የሠሩ ናቸው። እኔ ፌሮ እንዴት እንደሚነበብ በደንብ የገባኝ አንድ ፌራዮ ጎንበስ ብሎ ቆጥሮ ሲያሳየኝ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ትምህርቱን ያቋረጠ ሰው ነበር። እስከ ዛሬ አስተማሪዬ ነው የምለው።

ሁለት ሳምንት ሲቀር፦ ቤት፣ ልብስ፣ ጤና

ቤት ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። መጀመሪያ አንድ ሰው ይሂድና ይይ፤ ወይም የሳይቱን ሠራተኞች ጠይቁ። ደላላ ከምትይዙ የድርጅቱን ዘበኛ ብትጠይቁ ይሻላል፤ ሰፈሩን ያውቀዋል። ሦስት ሆናችሁ ደባል ብትገቡ ወጪው ይቀላል። ግን ከመግባታችሁ በፊት ማን እንደሚያበስል፣ የመብራትና የውሃ እንዴት እንደምትካፈሉ ተነጋገሩ። በሴሚስተር መካከል ጓደኛሞች የሚጣሉት በዚህ ነው።

አየሩንም እወቁ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው፤ ማታ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ጃኬትና ብርድ ልብስ ያስፈልጋችኋል። መተሐራ ከ1,000 ሜትር በታች ነው፤ ሙቀትም ወባም አለ። ቆላ የምትሄዱ አጎበር ሳትይዙ እንዳትሄዱ። ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ግቢ ከተመለሳችሁ በኋላም ቢሆን፣ ቆላ እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩት።

ጫማ ላይ አትሰስቱ። ሚስማር የማይበሳው ሴፍቲ ጫማ ድርጅቱ ይሰጥ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ካልሰጠ ከሌላ ነገር ቀንሳችሁ ግዙ። ስኒከር አድርጎ ሳይት የሚገባ ተማሪ ሳይ ሆዴ ይባባል።

ለሴት ተማሪዎች፣ ወንዶችም አንብቡት

ሳይት ላይ «አንቺ ቢሮ ብትሆኚ ይሻላል» የሚል ሰው ይኖራል። በቀና ልብ የሚል አለ፤ ለሌላ ዓላማ የሚል አለ። መልሳችሁን አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ «አመሰግናለሁ፤ የሚሞላልኝ ፎርም ግን የሳይት ሥራ ይጠይቃል።» ፎርሙን አሳዩ። ከዚያ ተነስታችሁ ሂዱ።

ትንኮሳ ከገጠማችሁ ቀኑንና የተባለውን ጻፉ። በዚያው ቀን ለአድቫይዘራችሁ ደውሉ፤ እሱ ካልተመቻችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን የሥርዓተ ፆታ ጽሕፈት ቤት አግኙ። የእነዚህን ስልክ ከመሄዳችሁ በፊት ያዙ። ድርጅት መቀየር ይቻል እንደሆነና እስከ መቼ እንደሚቻል ትምህርት ክፍሉን አሁን ጠይቁ፤ በኋላ በጭንቀት ውስጥ ሆናችሁ እንዳታጣሩት። የግምገማ ፎርማችሁ በአንድ ሰው እጅ መሆኑ ዝም እንድትሉ ሊያደርጋችሁ አይገባም። ለነጥብ ብላችሁ አትታገሡ፤ ነጥብ ይካካሳል።

ወንዶች፣ አብራችሁ የሄደችው ልጅ ቢሮ ስትታይፕ እንድትውል ከተደረገ «እሷም ትምጣ» በሉ። አንድ ቃል ነው፤ ሥራ ይሠራል።

የመጀመሪያው ሳምንት

ሰኞ ጠዋት ከሰዓቱ ቀድማችሁ ድረሱ። ለሱፐርቫይዘራችሁ የጥያቄ ዝርዝራችሁን አሳዩትና «በየትኛው ልጀምር?» በሉት። እስካሁን ይህን ሲያደርጉ የተናደደባቸው መሐንዲስ አላየሁም። ብዙዎቹ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ።

ሎግቡኩን (የዕለት ሥራ መዝገባችሁን) በየቀኑ ማታ ሙሉት፤ ዓርብ ዓርብ አስፈርሙ። የሳምንቱን እሁድ ቁጭ ብሎ የሚፈጥር ተማሪ ሲጠየቅ ይታወቅበታል። የሠራችሁትን ብቻ አትጻፉ፤ ያልገባችሁንም ጻፉ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ። አንዳንድ ቦታ፣ በተለይ የኃይልና የቴሌኮም ተቋማት ውስጥ፣ ክልክል ነው።

ደኅንነት ላይ ማንንም አትፍሩ። ግድግዳው ያልተደገፈ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ አትግቡ። የባሕር ዛፍ ስካፎልዲንግ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት አናጢውን «ይይዛል?» ብላችሁ ጠይቁ። ኃይሉ መቋረጡን ራሱ የቆለፈው ሰው ሳያረጋግጥላችሁ ማሽን ወይም ገመድ አትንኩ። «ፈሪ ነህ» ቢሏችሁም በአቋማችሁ ጽኑ። ተማሪ ናችሁ፤ ማንም ሊያስገድዳችሁ አይችልም።

ከመመለሳችሁ ሁለት ሳምንት በፊት

የግምገማ ፎርሙን ለመጨረሻው ቀን አታቆዩት። ሱፐርቫይዘሩ ፊልድ ሊወጣ፣ ማኅተም ያዡ ዓመት ፈቃድ ላይ ሊሆን ይችላል። ፎርሙ ተሞልቶ፣ ማኅተም አርፎበት፣ በታሸገ ፖስታ እንደሚመለስ አስታውሷቸው። የድርጅቱን ስምና አድራሻ በትክክል ገልብጡ፤ ሪፖርቱ ላይ ተሳስተው የሚጽፉ አሉ።

ረቂቃችሁን ከመውጣታችሁ በፊት ለሱፐርቫይዘሩ አስነብቡ። ቁጥር የተሳሳተበትን የሚያውቀው እሱ ነው። ድርጅቱ እንዲወጣ የማይፈልገው መረጃ ካለም ያኔ ይነግራችኋል። ከዚያ ስልካችሁ ላይ የካቦውን፣ የፌራዮውንና የኦፊስ ኢንጂነሩን ቁጥር መዝግቡ። ግቢ ገብታችሁ ሪፖርቱን ስትጽፉ «ያ ኮለን ስንት ባለ ሃያ ፌሮ ነበረው?» ብላችሁ የምትደውሉት ለእነሱ ነው።